ድንኳኑ ያፈሳል ያሉት ሰው

ሰው ከመጽሐፍ ብቻ የሚማር ቢሆን ኖሮ እኔ መሃይም ሆኜ በቀረሁ ነበር። የእኔ ትምህርት ቤት የታክሲ ሰልፍ ነው። ባለፈው ክረምት ጦር ኃይሎች የአስኮ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙት የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር ጋሽ ጌታሁን ነበሩ። ስልካቸውን እንደሚናከስ ነገር ከፊታቸው አርቀው ይዘውታል። ድንገት ከፊታቸው የተሰለፈችው ልጅ ዞር ስትል ጸሎት ሆና ተገኘች፤ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፣ ኮሌጅ የጨረሰች፣ የዕድሩን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተችው።

«ጸሎትዬ፣ እግዜር ነው ያገናኘን! ሰው ከግሩፑ የሚባረረው የቱን ሲጫኑ ነው?»

«ማንን ሊያባርሩ ነው ጋሼ?»

«ወዬሳን!»

ስልኩን አቀበሏት። የጋሽ ወዬሳን መልእክት ጮክ ብላ አነበበች፤ ሰልፉም በጨዋነት ጠጋ ጠጋ አለ። «የዕድራችን ድንኳን ያፈሳል። ሊቀመንበራችን ግን ዣንጥላ ስላላቸው አልሰሙም።» ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል።

ጸሎት ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ነከስኩ።

«መልሴን ጽፌ ጨርሻለሁ» አሉ ጋሽ ጌታሁን። «እሱን ልኬ አባርረዋለሁ።»

መልሱን አየችው። የጋሽ ወዬሳን ሟች አባት ሳይቀር ያነሣ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ከላኩ እሁድ ስብሰባው ላይ ዕድሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። የጋሽ ወዬሳ ወገኖች ሌላ ዕድር እናቁም እያሉ ነው፤ የጎደላቸው ሰበብ ብቻ ነው።»

ጋሽ ጌታሁን ደነገጡ። ደንግጠው ግን አልተረቱም።

«ይሰንጠቅ! ድሮ ሰው ፊት ለፊት ነበር የሚናገር። ሰውን ባለጌ ያደረገው ይኸ የእናንተ ቴሌግራም ነው። ግሩፑም ይዘጋ!»

«እሺ፣ ጋሽ ወዬሳ ዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ ቢሉ ምን ያደርጓቸው ነበር?»

«መጀመሪያ ስለ ስድቡ እንቀጣዋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ሰው ልከን ድንኳኑን እናስመረምራለን።»

«ከዕድሩስ ያባርሯቸዋል?»

«በምላሱ? ነውር አይደለም እንዴ! ማን ይቀብረዋል ታዲያ?»

«ግሩፑም እኮ ስብሰባ ነው ጋሼ፤ አግዳሚ የለውም እንጂ።»

ሽማግሌ ሊረታ ሲል ያስለዋል። ጋሽ ጌታሁን ሳሉ።

«ታዲያ በስልክ እንዴት ነው የምቀጣው?»

«ቀልዱን ይለፉት። ከስድቡ ውስጥ ጉዳዩን ነቅለው ያውጡና ስለሱ ብቻ ይጠይቋቸው። ለመሆኑ ድንኳኑ እውነት ያፈሳል?»

ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «ትንሽ።»

«ትንሽ?» አለች ከኋላዬ ሽንኩርት የተሸከመች ሴት፤ ለካ እሷም ዕድርተኛ ኖራለች። «በባለቤቴ አክስት ለቅሶ ጊዜ ንፍሮው ሾርባ ሆኖ አልነበር?»

«ብጠይቀው ፈራ አይሉኝም?» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

«ጋሼ፣ የጠየቀ ሰብሳቢ ይሆናል፤ የተሳደበ ግን ከተሳዳቢዎቹ አንዱ ነው። ዘርና ቤተሰብ እየጠራ የሚሳደብ ከመጣ ለብቻው እንመክረዋለን፤ እምቢ ካለ እኔ ራሴ አስወጣዋለሁ። ጋሽ ወዬሳ ግን የጻፉት ስለ ድንኳን ነው።»

ጋሽ ጌታሁን የጋሽ ወዬሳን አባት ከስልኩ ላይ በክብር አጠፏቸው። ከዚያ በአንድ ጣት፣ «ወዬሳ፣ በየት በኩል ነው የሚያፈሰው?» ብለው ጻፉና ላኩ።

«አየው!» አለች ባለ ሽንኩርቷ።

«እየጻፈ ነው!»

«ወይኔ፣ አቆመ!»

«ዝም በሉ፣ እንደገና ጀመረ!»

ታክሲው መጣ። ረዳቱ «አስኮ! አስኮ!» ቢል የሚነቃነቅ ጠፋ። «ትገባላችሁ ወይስ ፎቶ ላንሣችሁ?» ብሎ ባዶውን ሄደ። ጦር ኃይሎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ ብል ማንም አያምነኝም።

መልሱ ገባ። «ከኋላ በኩል ስፌቱ ላይ ነው። ሰፊ አውቃለሁ፣ እሁድ ይዤው ልምጣ? ስለ ዣንጥላው በድያለሁ፣ አፉ በለኝ።»

ሰልፉ አጨበጨበ። ወዲያው ሚስኪ የምትባል ዕድርተኛ የምታናፋ አህያ ሥዕል ላከች። የጋሽ ጌታሁን ጣት ተነሣ።

«ይህቺንስ?»

«ይለፏት ጋሼ። ዝም ሲሏት ይደክማታል።»

ጣቱ ወረደ። «አፉ ብያለሁ» ብለው ለጋሽ ወዬሳ ጻፉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። «ለካስ እኔ ድንኳኑን ትቼ ስለ ዣንጥላ ስሟገት ነበር» አሉ።

እሁድ ዕድሩ አልተሰነጠቀም፤ ድንኳኑም ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ግሩፑ ላይ ያለ ፍርሃት ይጽፋል፣ ያለ ስድብም ይመለስለታል። ተሰብረው የነበሩት አግዳሚዎች በዚሁ ምክንያት ተጠግነዋል፤ ጠፍቶ የነበረው ትልቁ ብረት ድስትም ተገኝቷል። ማን ቤት እንደተገኘ ለጨዋነት ስል አልጽፍም። ተቃዋሚውን ያባረረ ሰብሳቢ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር፤ የሚተርፈን ተሰንጥቆ የሚያፈስ ዕድር ብቻ ነበር።

በቀደም ለቅሶ ላይ ዝናቡ ያንን ድንኳን ሲደበድበው ዋለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወዬሳ ቀና ብለው አዩ።

«ጌታሁን፣ በዚያ ማዕዘን ግን…»

«ለቅሶ ላይ ነን እኮ! ግሩፑ ላይ ጻፈው!»

ጋሽ ወዬሳ ስልካቸውን አወጡ። የጋሽ ጌታሁን ኪስ ጮኸ።