ፍሬ ያፈራ ቁስል

ደባርቅ ላይ በነርስነቴ ስንቱን ቁስል አጥቤአለሁ፤ ፍሬ ያፈራ ቁስል ግን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ከጃናሞራ የመጡ ቄስ ናቸው፤ ሲቀድሱ አድረው ሲያርሱ የሚውሉ ብርቱ ሰው። እግራቸው አብጦ ብዙ ቦታ ተበሳስቷል። ጫን ሳደርገው ከመግሉ ጋር ከጤፍ ያነሱ ነጫጭ ፍሬዎች ወጡ።

ሐኪሙ ደማቸውንም ፍሬዎቹንም አስመረመረ። ስኳር የለ፣ ኤችአይቪ የለ፤ ከእግራቸው በቀር ፍጹም ጤነኛ ናቸው። “አባ፣ ይሄ ፍሬ የሚመስለው አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ጥርቅም ነው። ጤነኛ ሰው እንዲህ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። እሾህ ወግቶዎት ነበር?” አላቸው።

“እሾህ ያልወጋው ገበሬ አለ እንዴ? እርሻ ላይ ወግቶኝ ነቅዬ ጣልኩት።”

“በእሱ ነው የገባው። መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፤ ቢዘገዩ ኖሮ እግርዎን ያጡ ነበር።”

ፍሬዎቹን በፋሻ ላይ አሳየኋቸው። ይደነግጣሉ ስል ዘር እንደሚመርጥ ሰው ጎንበስ ብለው አዩአቸው። “ዕድሜ ልኬን አፈሩ ላይ ስንዴ ስዘራበት ኖሬ፣” አሉ ቀስ ብለው፣ “አንድ ቀን እሱ እንክርዳድ ቢዘራብኝ ምን ይደንቃል?”

ከዚያ እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። “በል ልጄ፣ ማረሙ ያንተ ነው።”