ራሱ የሚነሳው ፕሮግራም

ከጂዳ ወደ መካ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮና አንድ ጎረምሳ ይጨቃጨቃሉ።

«ኮምፒውተሩ ሲበራ የአውቶቡስ ሰዓት የሚያሳየው ፕሮግራም ራሱ ይነሳል አላልክም?»

«ይነሳል እትዬ። ወላሂ አስተካክዬ ነው የጫንኩት።»

«ታዲያ ዛሬ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምነው ዝም አለ?»

«መጀመሪያ ፓስዎርድ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ራሱ ይነሳል።»

«ፓስዎርዱን ማን ያውቀዋል?»

«እኔ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ጂዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ ስልኬን አጥፍቼ ተኝቼ።»

«መካ ዓዚዚያ ያለው ማረፊያችን ውስጥ ለሐጅ የመጣው ሁጃጅ ሁሉ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አውቶቡሱ አመለጠው። አለቃችን ሙዲሩ ደግሞ እኔን የጽዳቷን ሴት ‹ሂጂ ፈልጊው› ብሎ ጂዳ ይሰደኛል! ፓስዎርዱን በስልክ ንገራቸውና ኸላስ፣ ይለቅ ስልህ ብትነግራቸው ምን አለበት?»

«በአፌ አይመጣልኝም እትዬ። ጣቴ ነው የሚያውቀው፤ ቁልፎቹ ላይ ሳሳርፈው ይመጣል።»

«ሱብሃነላህ! ራሱ ይነሳል ያልከው አንተን ቀስቅሼ፣ ጫማ አስደርጌ፣ ታክሲ አሳፍሬ ነው?»

«እሱ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ እንከን የለውም።»

«እንከኑማ አጠገቤ ተቀምጧል።»

ጎረምሳው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ አንተም ኮምፒውተር ካለህ ልጫንልህ?» ሲለኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ።