ዝናብ የሚጠብቁት አባት

ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ሳሪስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ አዛውንት ዓይናቸውን ከስልካቸው አልነቀሉም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ስሰማ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ኳስ ነው የሚያዩት?»

«የቴኒስ ውጤት ነው። ልጄ ውጭ አገር ውድድር ላይ ናት።»

«ታድለው! እየመራች ነው?»

«እየመራች ነው። እኔ ግን ዝናብ ነው የምጠብቀው።»

«ገበሬ ነዎት እንዴ?»

«ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያ የለውም። ከረጠበ ስለሚያንሸራትት ጨዋታው ይቆማል።»

«ታዲያ እየመራች ለምን ይቁምባት?»

«እስኪደርቅ ትደውልልኛለች። ሌላ ጊዜ ወይ ልምምድ ላይ ናት፣ ወይ ደክሟት ተኝታለች።»

«ዛሬስ እዚያ ደመና አለ?»

«ስልኩ ጠራራ ፀሐይ ነው ይላል።»

መውረጃዬ ቃሊቲ ነበር፤ ስልካቸው ቢጠራ ልስማ ብዬ «ወራጅ አለ» ሳልል አብሬያቸው አለፍኩ።