በመዳፍ የተቀመሰ ውሃ

አባቶቼ ካህናት፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከሽንዲም ከፍኖተ ሰላምም የደረሳችሁልን ዘመዶች፤ ድካማችሁን በደስታ ይመልስልን። እህቴ ወይኒቱ፣ በባልሽ ሐዘን እግዜር ያጥናሽ።

እኔ ላቀው ተጠራጣሪ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ዛሬም እጠረጥራለሁ። መምህር ባምላኩን አጅበን ስንመጣ ከኋላ ሹክሹክታ ሰማሁ። «የራሱ ዱቄት ገደለው» ትላላችሁ። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። ታዲያ ይህን ወሬ ማን ጀመረው?

ያን የእድር ስብሰባ ታስታውሳላችሁ? ምንጫችንን አስመርምሮ ወረቀት ይዞ መጣ። «ከላይ አሮጌ ባትሪ ከሚቀልጥበት ግቢ እርሳስ ይወርዳል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ልጆቻችንን ግን ይጎዳል» አለን። ምን አልን? «ወረቀቱን ማን ጻፈው?» አልን።

ከከሰልና ከብረት የሠራውን ጥቁር ዱቄት ጆግ ውሃ ውስጥ በተነ። ውሃው ጥላሸት መሰለ። «እርሳሱን ዱቄቱ ይይዘዋል፤ ዱቄቱን ማግኔቱ» አለ። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት ከጆጉ ጎን አስጠጋ። ጥቁሩ ሁሉ ሄዶ ተለጠፈ፤ ውሃው ጠራ። እንደ ወጋችን በመዳፉ አፍስሶ ቀመሰ። ጠላስ ቢሆን ቀጂው ሳይቀምስ እንጠጣለን? ቀመሰላችሁ! ማን ጠጣ? ማንም። «ማርከሻ ጠጥቶ ነው የመጣው» ያልሁት እኔ ነኝ። እኔ፣ አበልጁ! ወሬው ከዚያ ጀመረ።

ሌላም አለብኝ። ውሃውን በዱቄቱ ሊያጠራልን ምንጩ ዳር ያቆመውን በርሜል የደፋሁት እኔ ነኝ። ስደፋው ደረሰብኝ። ይቆጣል ስል፣ «አበልጄ፣ እጅህን ታጠብ። ያ ዱቄት የሰበሰበው መርዝ አለበት» አለኝ። ለእጄ አዘነ! ከዚያ በርሜሉን መልሶ አቁሞ ዱቄቱን ከሣሩ ውስጥ በማግኔቱ ሲለቅም ዋለ። ቆሜ አየሁት። አላገዝሁትም። ያ ይቆጨኛል።

ጥቁሩን ዱቄት ጠረጠርን። ምንጩንስ ማን ቀምሶ ሰጠን? ስለጠራ ብቻ አመንነው። ስንት ዓመት ጠጣነው?

በነገው ስብሰባ በርሜሉ ይነሳ ልትሉ ነው፤ ሰምቻለሁ። በዚህ ጆግ ያለው ውሃ ከዚያው በርሜል ነው። ወይኒቱ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ አምጥታው፣ በዚህ ፀሐይ አንድ ሰው አልነካውም። አይቻለሁ።

እንግዲህ እዩኝ። በመዳፌ ነው። ማርከሻ አልጠጣሁም።

...

ማግኔቱን ከዛሬ ጀምሮ እኔ እይዘዋለሁ። ውሃውንም በየጊዜው አስመረምራለሁ፤ ዝም ብሎ ማመን አልችልበትም፤ እሱም ያውቀኛል።

አበልጄ ባምላኩ፣ ዘግይቼ ቀመስሁልህ። ይቅር በለኝ። አፈሩ ይቅለልህ። ውሃህ ጥሩ ነው። ደህና ሁን።