በፓርኪንጉ መካከል የቆመው የድንጋይ መስቀል

«ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!» እያሉ አቶ ኤዶሳ ያደታ በጥር ብርድ፣ በሚኒሶታ ቡርንስቪል ከተማ በሚገኘው ደብራችን ግቢ፣ በገዛ እጃቸው የጠረቡትን ባለ ደረጃ የድንጋይ መስቀል ከጭነት መኪና አስወርደው ሲያቆሙ፣ በረዶው ምድሩን ሁሉ ሸፍኖት ስለነበር የት ላይ እንደሚያቆሙት እርሳቸውም እኛም ልብ አላልንም።

አቶ ኤዶሳ ከአባታቸው ከአቶ ያደታ ሞሲሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲንቄ በደምቢ ዶሎ ተወልደው፣ ፊደል ቆጥረው፣ ግንበኝነት ተምረው፣ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሣር ሲያጭዱ በመካከለኛው ዘመን የቆመ፣ አንድ ክንዱ የተሰበረ የድንጋይ መስቀል አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። ምእመናን ይዞሩት፣ አዋጅ ይነገርበት፣ የተጣላ ይታረቅበት እንደነበር ሰምተው፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰው ሠርግ ላይ እንኳ ይህንኑ ያወሩ ነበር። ወደ ሚኒሶታም መጥተው፣ ኒው ሆፕ በተባለች ከተማ የመቃብር ድንጋይ ከሚቀርጽ ድርጅት ተቀጥረው፣ ወይዘሮ መቅሊትን አግብተው ኢሊሊንና ኤርሚን ወለዱ።

በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ፣ መስቀሉ የሰበካ ጉባኤያችን ምክትል ሰብሳቢ ወይዘሮ አሰፋሽ መኪናቸውን በሚያቆሙበት ቦታ ልክ መሐሉ ላይ ቆሞ ተገኘ።

«ጋሽ ኤዶሳ፣ እኔ ጣሪያ ላይ ፓርክ ላድርግ?» ቢሏቸው፣ «እትዬ አሰፋሽ፣ እሱ ቀድሞ ይዞታል» አሏቸው።

ጉባኤው መስቀሉ ይነሣ ብሎ ወሰነ። አቶ ኤዶሳ ግን፣ ዕድሜ ልካቸውን የቀረጹት ሁሉ ለሞተ ሰው እንደነበረና ለሕያዋን የሠሩት ይህን ብቻ መሆኑን ተናግረው ቢለምኑ፣ እስከ ሌላው ጸደይ ድረስ ጊዜ ሰጧቸው።

እስከዚያው «ነጭ ቶዮታ የማን ናት? መንገድ ዘግታለች!» የሚለው አዋጅ ከመስቀሉ ደረጃ ላይ ይነገር ጀመር፤ እሱን እንዞራለን ሲሉ የተጋጩ ሾፌሮችም እዚያው ሥር ታረቁ። የበረዶ መጥረጊያ መኪና አንድ ክንዱን ገጭቶ ሲሰብረው እኛ ብናዝን፣ እርሳቸው «አሁን ገና የእንግሊዙን መሰለ!» ብለው ፈነደቁ።

የድንጋይ ብናኝ የጎዳው ሳንባቸው ግን ዕረፍት ነሥቷቸው፣ ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የእኅታቸውን ልጅ እኔን ናፍያድን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ቦታ በማይጠብበት በአባቶች ዘንድ ያሳርፍልን።

ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ሰኞ ማታ፣ ወይዘሮ አሰፋሽ ሆስፒታል መጥተው እጃቸውን ይዘው እንዲህ አሏቸው፦ «መስቀሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ አስወስኛለሁ። በል ጋሽ ኤዶሳ፣ ተነሥና እኔ የት እንደማቆም አሳየኝ።»