አምስተኛ ክፍል ለዲጋ

ከነቀምቴ ዲጋ ለአውቶቡስ ሃምሳ ሳንቲም ከፈልኩ፤ ወሬው ምርቃት ነው። ከፊቴ የዲጋ ትምህርት ቤት አስተማሪና ሽማግሌው ዘበኛ ተቀምጠዋል። አስተማሪው ከዓመት መዝጊያ ስብሰባ፣ ዘበኛው ከገበያ ይመለሳሉ።

«ኦቦ፣ አምስተኛ ክፍል ተፈቀደልን። ቤቱን ግን አገሬው ይሥራ አሉ።»

«ደቦ ጠርተን እናቆመዋለን። አስተማሪስ?»

«የለንም አሉ።»

«ያንተስ ዝውውር?»

«ጎጃም፣ አገሬ ደርሶኛል።»



«እንግዲህ እናትህ ደስ ይላቸዋል።»

«ክረምቱን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ለመስከረም ጣራውን አልብሳችሁ ጠብቁኝ፤ አምስተኛን እኔ እይዛለሁ።»

«ዝውውሩሳ?»

«ይቅርብኝ ብያቸው መጣሁ።»

«እናትህ ምን ሊሉ ነው?»

«ሴት ይዛዋለች ይላሉ።»

«ውሸት ነው?»

«ኦቦ፣ እናንተ ቤቱን ሥሩ።»

ዘንድሮ ዲጋ አራተኛን ለጨረሰችው ልጄ ነቀምቴ ልከራይላት የነበረውን ክፍል በልቤ ሰረዝኩት።