«ሐምዱ ፉል» በአውቶቡስ ተራ

ጋሽ ሐምዱ የእህታቸውን ልጅ ወደ ደሴ ሸኝተው ከአውቶቡስ ተራ ሲመለሱ፣ የገዛ ስማቸውን በማያውቁት ቤት ግንባር ላይ ተሰቅሎ አገኙት።

መጀመሪያ ዓይናቸውን ጠረጠሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። ስሙ ንቅንቅ አላለም። በነጭ ቆርቆሮ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ ልክ መሳለሚያ እንዳለው ፉል ቤታቸው፣ «ሐምዱ ፉል» ይላል። ከሥሩ በቀይ «ዋናው» የሚል ተጨምሮበታል።

«ዋናው?» አሉ ድምፃቸው ሳይታወቃቸው ወጥቶ። «ያ አላህ! እኔ ታዲያ የማን ቅጂ ነኝ?»

አንድ ተሸካሚ ኩንታል ጭኖ «ዘወር በሉ ፋዘር!» እያለ ገፍቷቸው አለፈ፤ አልሰሙትም። የሰሙት «ጋሼ! ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» የሚለውን የዋፋን ድምፅ ነው። ዋፋ የጎረቤታቸው የእትዬ ጠሂራ ልጅ ናት። የንግድ ሥራ ትምህርት ተምራ ለነጋዴዎች ውልና ፈቃድ በሚያዘጋጅ ቢሮ ትሠራለች፤ ወደዚያው ልትሄድ ገና ከሚኒባስ መውረዷ ነበር።

ጋሽ ሐምዱ በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩዋት።

«ቅርንጫፍ ከፈቱ እንዴ? እንኳን ደስ አለዎት!»

«የምን ቅርንጫፍ! ተሰርቄ ነው እንጂ!»

የመሳለሚያ ሰው እንደሚያውቀው የጋሽ ሐምዱ ፉል ሌላ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የቅመሙን ልክ ያወቀባቸው የለም። ከሙኑን አንድ ወፍጮ ቤት፣ ድንብላሉን ሌላ፣ ጥቁር አዝሙዱን ሦስተኛ፣ በርበሬውን አራተኛ ወፍጮ ቤት ያስፈጫሉ፤ ባለወፍጮዎቹ አንድ ላይ ቢሰበሰቡ እንኳ እንዳይደርሱበት ነው። ከዚያ ጓዳ ገብተው፣ በር ቆልፈው፣ ብቻቸውን ይቀላቅላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሰኪና እንኳ መጠኑን አያውቁም። እንዲህ የተጠበቀ ነገር እንዴት ብሎ አውቶቡስ ተራ ደረሰ?

«ቁጣው ይቆይና ገብተን እንቅመሰው» አለች ዋፋ።

ገቡ። ጋሽ ሐምዱ በዳቦ አንዴ አጥቅሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ማኘኩን ተዉት። ባቄላው በቅጡ አልበሰለም፤ ከሙኑ በዝቶ ይመራል። ይባስ ብሎ አጠገባቸው የተቀመጠ ሾፌር ሳህኑን ገፋ አድርጎ ለጓደኛው፣ «ሐምዱ ድሮ ቀረ! አሁንማ ስሙ ብቻ ነው» አለው።

በጥፊ የተመቱ ያህል ደነገጡ። ሰው ብራቸውን ቢወስድባቸው ይታገሡ ይሆናል፤ ባልሠሩት ፉል በስማቸው ሲታሙ በጆሯቸው መስማት ግን እንዴት ይቻላል? ብድግ አሉ።

«የዚህ ቤት ባለቤት ማነው? ይውጣልኝ!»

ከኩሽናው አንዲት ወጣት ሴት ጭልፋ እንደያዘች ብቅ አለች። አየቻቸው። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

«ሰገነት!»

ስድስት ዓመት ድስታቸውን ያጠበች፣ ከሁለት ዓመት በፊት «የራሴን ሥራ ልሞክር» ስትላቸው መርቀው የሸኟት ሰገነት ናት።

«ጋሽዬ... በመድኃኔዓለም፣ አይጩሁብኝ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! እኔ መርቄ ስሸኝሽ አንቺ ስሜን ይዘሽብኝ ወጣሽ! ዛሬ ከዙህር ሶላት በፊት ያ ቆርቆሮ ካልወረደ ፖሊስ ይዤ ነው የምመጣው።»

ሰገነት ዓይኗ እንባ ሞላ። «‹ሰገነት ፉል› ብዬ ከፍቼ ነበርኮ። ሦስት ወር ዝንብ ሳባርር ዋልኩ። ማን ያውቀኛል? በመጨረሻ የእርስዎን ስም ለጠፍኩበት። በማግስቱ ወንበር ጠፋ! ቅመሙን ግን በግምት ነው የምሠራው፤ ምን ላድርግ፣ በር ይቆልፉ ነበር። ስሙን ካወረዱብኝ ቤቱን መልቀቄ ነው። የእቁቤን ብር እንዳለ እዚሁ አፍስሻለሁ።»

እዚህ ላይ ዋፋ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዝግበዋል?»

«ስሜን አባቴ ነው ያወጣልኝ! ደግሞ የምን ምዝገባ ነው?»

«ንግድ ፈቃድ ማውጣት ለብቻው ነው፤ ምልክት ማስመዝገብ ለብቻው። ካላስመዘገቡ ክርክሩ ይከብድዎታል። ሌላ ሰው ቀድሞዎት ቢያስመዘግበውስ?»

«የኔን ስም? ሌላ ሰው?» ጋሽ ሐምዱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ቅመሙን በአራት ወፍጮ ሲደብቁ ስሙን ሜዳ ላይ ትተውት ኖሯል!

«ስለዚህ መጀመሪያ ያስመዝግቡት። ሰገነትን ግን ከሚያባርሯት በውል ያስገቧት። ፍራንቻይዝ ይባላል።»

«የፈረንጅ ተንኮል መሆን አለበት።»

«መጠሪያው የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ቤቱ፣ ኪራዩ፣ ሠራተኛው የእርሷ፤ ስሙ፣ ቅመሙ፣ አሠራሩ የእርስዎ። ሲጀመር መግቢያ ትከፍላለች፤ ከዚያም በየወሩ ከሽያጯ ትንሽ ድርሻ። እርስዎ ያሠለጥኗታል፣ ይቆጣጠሯታል። ካበላሸች ውሉ ይፈርሳል፣ ያን ጊዜ ቆርቆሮውም ይወርዳል።»

«ለሰረቀችኝ ምስጢሬን ልመርቅላት? ዋፋ፣ ትምህርቱ አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ?»

«ምስጢሩን ማን ስጡ አለዎት? የተቀላቀለውን ቅመም አሽገው ይሸጡላታል። ልኩን ግን ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ግድ የለም፤ ቁልፉን ለልጅዎ ለኢምራን ይስጡት።»

«የራሴን ቅርንጫፍ ለምን አልከፍትም?»

«በምን አቅም? ቢከፍቱስ ማን ይጠብቅልዎታል? ተቀጣሪ ባቄላ ለመጣድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አይነሳም። የገዛ ቤቱ የሆነ ሰው ግን ይነሳል።»

ጋሽ ሐምዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው የለመደውን መንገድ ልቀቅ ሲሉት ክብሩን የነጠቁት ይመስለዋል። ምናልባትም ተነስተው ሊሄዱ ነበር፤ ሰገነት ግን ከሁሉ የባሰውን ተናገረች።

«ጋሽዬ፣ ይቆጡ እንጂ እውነቱን ልንገርዎ። አምና ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ናፍቆኝ ቤትዎ ሄጄ በላሁ። ያ ፉል ከዚህኛው ይብስ ነበር።»

ያ ሾፌር እንኳ ወደ እነርሱ ዞረ።

ጋሽ ሐምዱ የሆስፒታሉ አልጋ ትዝ አላቸው። እውነቷን ነው። የዚያን ጊዜ ኢምራን ስልክ ደውሎ «አባባ፣ ቅመሙ አለቀ፤ ልኩን ይንገሩኝ» ሲላቸው፣ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተው እንኳ «ስነሳ እኔው እቀላቅለዋለሁ» ብለው ዘግተውበታል። አሥራ ሰባት ቀን ሳይነሱ ቀሩ። ቤቱ በግምት ሲሠራ ከረመ። ደንበኛ ሳሳ፤ እርሳቸው ግን ጥፋቱን በኑሮ ውድነት አሳብበው ነበር። ስማቸውን መጀመሪያ ለሐሜት የሰጡት ራሳቸው እንጂ ሰገነት አልነበረችም!

«ባልነሳስ ኖሮ?» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ይሁን ለዋፋ ሳይለይ።

«ልኩ አብሮዎት ይቀበር ነበራ» አለች ዋፋ።

ጋሽ ሐምዱ የፊታቸውን ሳህን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ ወደ ሰገነት ዞሩ። «ያንን ቆርቆሮ አሁኑኑ አውርጂ። ነገ ጠዋት መሳለሚያ ትመጫለሽ፤ ባቄላ አጣጣድ ከሀሁ ትጀምሪያለሽ። ካለፍሽ ትሰቅይዋለሽ፤ ካላለፍሽ ይቀራል።»

ሰገነት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ዋፋ ያዘቻት። «ቆይ እስቲ፣ እንዲህ አይደለም! ውሉን ታነቢያለሽ። የሚከፈለው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ እርሳቸው ምን ግዴታ እንዳለባቸው ሳታውቂ አትፈርሚም። ቅመሙ ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ ፍርድ ቤት የምትከሺያቸው አንቺ ነሽ።»

«እኔን?» ጋሽ ሐምዱ እንደገና ደነገጡ።

«እርስዎን! ውል ሁለቱንም ወገን ያስራል።»

ምልክቱ ለማስመዝገብ ገባ፤ ሰገነት ሁለት ወር ሠለጠነች፤ ውሉ ተፈረመ፤ ቆርቆሮው ያለ ቀይ ጽሑፍ ተመልሶ ተሰቀለ። ስም የሌላት ሰገነት ስም አገኘች፤ ሁለተኛ ቤት ለመክፈት አቅም ያልነበራቸው ጋሽ ሐምዱ ጡብ ሳይገዙ ሥራቸው ሰፋ። ኢምራንም የቅመሙን ልክ አወቀ። ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጠው አበራ ይህን አይቶ «እኔም ፉል ቤት ልክፈት፣ ስሙን ይስጡኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ጋሽ ሐምዱ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ብሩ አልነበረም፤ «በዘጠኝ ሰዓት ትነሳለህ?» አሉት። ስም አለኝ ብሎ ላገኘው ሁሉ የሚያከፋፍል ሰው ስሙን በገዛ እጁ ይገድለዋል፤ ያልተፈተነ ስም የሚገዛም ባዶ ከረጢት ነው የሚሸከመው። መርጦ፣ አሠልጥኖ፣ ጽፎ የሚሰጥ ግን እርሱ በማይደርስበት ሰፈር ሁሉ እጅ ይኖረዋል።

ውሉ በተፈረመ በስድስተኛው ወር ሰገነት የታሸገ የቅመም ከረጢት ተሸክማ መሳለሚያ መጣችና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽዬ፣ ይህን አልቀበልም። ከሙኑ አንሷል።»

ጋሽ ሐምዱ ዓይናቸው ፈጠጠ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ቅመማቸውን የመለሰባቸው ሰው የለም! ከረጢቱን በቁጣ ቀደዱት፤ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። አንዴ ቀመሱ። ደገሙት።

ቀስ ብለው ተነሱና በቆመችበት ወንበር ሳቡላት።

«ተቀመጪ» አሉ። «እንደገና እንቀላቅለዋለን።»